ተቀምጠው ይጠብቁ፦ የእትዬ ዚፕ የሕይወት ታሪክ

ሙሉ ስማቸው በዚህ ወረቀት የፊት ገጽ ላይ፣ ከፎቶግራፋቸው ሥር ሰፍሯል። ሰፈሩ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። እሳቸውም በሙሉ ስማቸው ሲጠሩ "ምን አጥፍቼ ነው?" ይሉ ነበር። ስለዚህ እዚህም ሁላችንም በለመድነው እንጠራቸዋለን፤ እትዬ ዚፕ።

እትዬ ዚፕ ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው፣ ዛሬም በምንኖርባት በዚህች ከተማ በጥር ወር 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው፤ ይህን የምትጽፈው የመጨረሻዋ እኅታቸው ናት። የተወለዱት ሐኪሙ ከቆረጠው ቀን ሦስት ሳምንት ቀድመው ሲሆን፣ እናታቸው ይህን እያነሱ "ያኔም ተራ መጠበቅ አልወደደችም" ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አደራ መጠቀስ አለበት። ባለፈው ዓመት የአንድ ጎረቤት የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምተው ሲመለሱ፣ እትዬ ዚፕ እኅታቸውን መንገድ ላይ አቁመው "እኔ ስሞት ትዕግሥተኛ ነበረች ብለሽ እንዳትጽፊ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይስቃል፤ በቀብሬ ላይ ሰው አታስቂብኝ" ብለዋታል። እኅታቸውም ቃላቸውን አክብራ ትጽፋለች፤ እትዬ ዚፕ ትዕግሥተኛ አልነበሩም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. አጠናቀቁ። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያቸው ውጤት መግለጫቸው ላይ "ጎበዝ ናት፤ ግን ትቸኩላለች" ብለው ጻፉ። የሰባተኛው ክፍል አስተማሪ ይህንኑ ቃል ሳይለውጡ ደገሙት። ፈተናውን ከሁሉ ቀድመው ጨርሰው ይወጡና፣ በሩ ላይ ሲደርሱ የተሳሳቱት ትዝ ይላቸው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥረው ሱሪ ላይ ዚፕ በሚገጠምበት መስመር ተመደቡ። ሥራውን አልወደዱትም። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ዚፕ፣ ለማያዩት ሰው ሱሪ፤ ማን እንደሚለብሰው እንኳ አይታወቅም። እንዲያም ሆኖ ከሁለት ዓመት በኋላ የሳቸው ማሽን ከሌሎቹ በተለየ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ መበላሸት ጀመረ። ማሽኑን የሚጠግኑት ወጣት መካኒክ ገና በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አላጋለጧቸውም፤ ዘይት ጠብ ያደርጉና "አሁን ደህና ነው" ብለው ይሄዳሉ። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1978 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን፣ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ሴት ልጃቸውን ወለዱ።

ሴት ልጃቸው አራት ዓመት ሲሞላት የሚጥል ሕመም ጀመራት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥተው፣ መድኃኒቱ ሕመሙን እንደሚያሳንሰው፣ ጨርሶ ግን እንደማያጠፋው ነገሯቸው፤ ስትወድቅ የሚሰማት ትልቅ ሰው ከአጠገቧ እንዳይለይም አሳሰቡ። እትዬ ዚፕ በ1986 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለቀቁ። የባለቤታቸው ደመወዝ ብቻውን ለቤቱ ስለማይበቃ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነ።

የመጀመሪያ ሙከራቸው ልብስ ስፌት ነበር፤ ሰው ሁሉ "የምታውቂው እሱን ነው" ስላላቸው። ቀሚስ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ እትዬ ዚፕ ደግሞ ሁለተኛው ቀን ላይ ቀሚሱንም ባለቀሚሷንም ይጠሉ ነበር። ለአንዲት ሙሽራ እናት የጀመሩት ቀሚስ አንድ እጅጌ ሳይኖረው የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። እጅጌውን የገጠሙት ከፈረቃ የተመለሱት ባለቤታቸው ናቸው፤ የመካኒክ ስፌት ሆነና፣ እናትየው ሠርጉን በሙሉ በአንድ እጃቸው ብቻ ሰላም ሲሉ ዋሉ።

በ1987 ዓ.ም. ኬክ መጋገር ሞከሩ፤ የአክስታቸው ልጅ ያዋጣል ብላ ነው። ምድጃውን በየአምስት ደቂቃው እየከፈቱ ስለሚያዩ ኬኩ ሁልጊዜ መሐሉ ይሰምጥ ነበር። ልጅቷም ወደ ጋለው ምድጃ በተጠጋች ቁጥር የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። በሦስተኛው ወር ምድጃውን ሸጡ።

በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በጎረቤት ምክር አርባ ጫጩት በረንዳቸው ላይ አሳደጉ። ዶሮዎቹ በደንብ አደጉ፤ ይህ ሙከራ የተሳካ መስሎ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እትዬ ዚፕ መኖ ሲሰጡ ልጃቸው መኝታ ቤት ወደቀች። ዶሮዎቹ ይንጫጩ ስለነበር አልሰሙም። ሲገቡ ልጅቷን በአልጋውና በግድግዳው መካከል፣ ግንባሯ ደምቶ አገኟት። ምን ያህል ቆይታ እንደነበር አላወቁም፤ ይህ አለማወቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከልባቸው አልወጣም። በማግሥቱ በቤቱ አንድ ዶሮ አልነበረም።

ያን ሰሞን ባለቤታቸው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጧቸውና፣ እስከዚያ ቀን ሥራ የመረጡት ጎረቤትና ዘመድ የሚለውን እየሰሙ እንደሆነ ነገሯቸው። ከዚያ ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ጠየቁ፤ "አንቺስ ምን ትወጃለሽ? ቀንሽ እንዴት ቢውል ደስ ይልሻል?" እትዬ ዚፕ በመጀመሪያ ተቆጡ፤ ሰው ተቸግሮ እያለ ስለ ደስታ ይወራል ወይ ብለው። ንዴቱ ሲበርድ ግን አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው አራት መስመር ጻፉ። ወረቀቱ ዛሬም አለ። እሳት የሌለበት። ጫጫታ የሌለበት። ቶሎ የሚያልቅ። ሰው ያለበት። ከሥሩ በባለቤታቸው ጽሕፈት "እንዲህ ያለ ሥራ የለም" የሚል ይነበባል፤ ከዚያ ሥር ደግሞ በሳቸው ጽሕፈት "አለ፤ አላገኘሁትም እንጂ" ይላል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሰፈሩ ፖስተኛ በዝናብ እየሮጡ መጥተው ከበራቸው ጥላ ሥር ገቡ። የቦርሳቸው ዚፕ ወደ ፊት ሲዘጋ ከኋላው እየተከፈተ፣ የሰው ደብዳቤ ሁሉ ይረጥባል። እትዬ ዚፕ ቦርሳውን ነጠቋቸው ቢባል ይቀላል። በባለቤታቸው ፒንሳ የዚፑን ራስ ከግራም ከቀኝም ጫን ጫን አደረጉት፣ ጥርሱን በደረቅ ሳሙና አሹት፣ ሳቡት፤ ተዘጋ። ፖስተኛው ገና "ይሠራል ብለሽ ነው?" ማለታቸውን አልጨረሱም ነበር። ፖስተኛ የማያንኳኳው በር ስለሌለ፣ በሳምንት ውስጥ ሰባት ሰው ዚፕ ይዞ መጣ።

እትዬ ዚፕ ነገሩን በደስታ አልተቀበሉትም። "ከዚፕ ሸሽቼ ብወጣ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ" ብለው አማርረዋል። ባለቤታቸው ያንን ወረቀት አወጡና በአራቱም መስመር ላይ ምልክት አደረጉ። እውነትም ዚፑ ያው ዚፕ ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ነው። አሁን የዚፑ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ይታያል፣ ያወራል፣ ይከራከራል፤ ሥራው ደግሞ እትዬ ዚፕ ከመሰልቸታቸው በፊት ያልቃል።

በሩ ላይ ካርቶን ተሰቀለ፤ "ዚፕ ይሠራል። ዕቃ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው። ተቀምጠው ይጠብቁ።" ሁለት ወንበርም ተቀመጠ። "ነገ እመጣለሁ" ያለ ሰው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ሰፈሩ ይህን ደንብ ከጥድፊያቸው ቆጠረው፤ የሰው ዕቃ ቤታቸው ሲያድር ስለማይወዱ ነው ተባለ። እሳቸውም አላስተባበሉም። እውነቱን ለእኅታቸው የነገሯት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ "ጓሮ ብወጣ፣ ሱቅ ብሄድ፣ ልጄ ብቻዋን አትሆንም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ አለ።"

ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ትምህርት አለበት። ልጅቷ ብትወድቅ በጎኗ ማስተኛት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በኃይል አለመያዝ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም መጥራት። ይህን በቃሉ ያልመለሰ ሰው ዕቃው አይሰጠውም። ሦስት ጊዜ ተጠይቀው ሦስት ጊዜ የተሳሳቱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ጃኬታቸው ተሠርቶ ሳለ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው አጥንተዋል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ልጅቷ እናቷ በሌሉበት ስትወድቅ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ሁለት ጊዜ፣ አንዲት አስተማሪ ደግሞ አንድ ጊዜ ከአጠገቧ ተገኝተዋል። የባንክ ሥራ አስኪያጁም አንድ ጊዜ ደርሶባቸው፣ አንድ ስሕተት ሳይሠሩ ተወጥተውታል።

ልጃቸው በ2000 ዓ.ም. ትምህርቷን ጨርሳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። እሷ ዝግ ያለች፣ እያንዳንዱን ጥርስ የምትመረምር ናት። እናቷ "ይቺ ልጅ አንድ ዚፕ እስክትቀይር ክረምት ይገባል" እያሉ ቢያሾፉም፣ ከባዱን ሥራ ሁሉ ወደ እሷ ይገፉት ነበር። ባለቤታቸው በ2007 ዓ.ም. አረፉ። በሌላ ከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ወንድ ልጃቸው ሁለቱም እሱ ዘንድ እንዲኖሩ በተደጋጋሚ ለመነ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "እዚያ ማን ያውቃታል?"

እትዬ ዚፕ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኩላሊት ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆይተው፣ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል ተኙ። ሞትን አልፈሩም፤ የፈሩት ቀኑን ነው። እኅታቸው ከሥራ ወጥታ ማታ ማታ ከልጃቸው ጋር ታድር ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ግን ልጅቷ ብቻዋን ናት። ቤቱን ዘግታ ሌላ ቦታ እንድትውል ተጠይቃ "ሥራ አለኝ" ብላ እምቢ አለች። እትዬ ዚፕ አልጋ ላይ ሆነው በሩን በሩን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ደግመው ደጋግመው የሚጠይቁት "አሁን ማን አለ እቤት?" ብቻ ነበር። ይህን ጥያቄ መመለስ ለእኅታቸው ከሁሉም የከበደ ነገር ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ ግራ የገባት ነገር እንዳለ ነገረቻቸው። ጡረታ የወጡት ፖስተኛ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያንን አሮጌ ቦርሳ ይዘው መጡ። ዳቦ ጋጋሪው ጃኬት አመጣ፣ አስተማሪዋ የእስክሪብቶ ቦርሳ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም በምሳ ሰዓታቸው የሻንጣ ዚፕ። አንድም ቀን ወንበሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ማክሰኞ እንዲያውም አምስት ሰው በሁለት ወንበር ተጣቦ ውሏል። "እማ፣ ዚፖቹ ግን ደህና ናቸው። አንድም የተበላሸ አላመጡም።"

እትዬ ዚፕ ነርሷ ደንግጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቁ። ሳቁ ሲተዋቸው አለቀሱ፤ እንባቸውን ግን አልሸሸጉም። ከዚያም ለልጃቸው የመጨረሻውን የሥራ ምክር ሰጧት፤ "አታሳፍሪያቸው። ትንሽ ሳሙና አስነክተሽ፣ አሁን ደህና ነው ብለሽ መልሽላቸው። አባትሽም ለእኔ እንደዚያ ነበር ያደረገልኝ።" ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊታቸውን ከበሩ አዙረው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ማን እቤት እንዳለ ጠይቀው አያውቁም።

እትዬ ዚፕ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ጆሯቸውን ሠላሳ ዓመት አንዲት ልጅ ላይ ጥለው የኖሩ ሴት ትዕግሥተኛ አልነበሩም ብለን ቃላቸውን ጠብቀናል፤ የሰማ ይፍረድ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና ሁለት እኅቶች፣ እንዲሁም ቆጥረን የማንጨርሳቸው ደንበኞች ከኋላቸው ትተዋል። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም እስከዚህ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተ ሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በር ላይ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።

ካርቶኑ እንደተሰቀለ ነው፤ ሁለቱ ወንበሮችም በቦታቸው አሉ። ልጃቸው ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ናት። ዚፓችሁ ደህና ቢሆንም ይዛችሁ ኑ።