«አርፋለች» ብዬ የላክሁልህ ዕለት

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለእማዬ የመጨረሻ ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ብርድ አጥንትህ ድረስ ይገባል ብለኸኝ ነበር፤ ጓንትህን ቀየሩልህ ወይስ አሁንም በተቀደደው ነህ? ወገብህስ? በደንብ ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ዐይኔ ክር ማስገባት እያስቸገረው ነው እንጂ ሌላ የሚነገር የለኝም። አባዬ ደህና ነው፤ ጉልበቱ እንደ ልማዱ ያነጫንጨዋል። እማዬ አለች። ልብ በል፣ «ደህና ናት» አላልኩህም፤ «አለች» ነው ያልኩህ። ከእንግዲህ ከእኔ የሚደርስህ ቃል ሁሉ እንደ ጨርቅ ሳይለካ አይቆረጥም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ እንዳትለኝ። አጭር መልእክት ምን እንዳደረገን አይተናል። አንተም «ካሁን በኋላ ያንቺን መልእክት አላምንም» ብለኸኛል፤ እኔም ተቀይሜሃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ያልሰማኸው ብዙ አለና።

ያን ሰሞን እማዬ አራተኛውን የካንሰር መድኃኒት በደም ሥሯ ወስዳ ነበር የተመለሰችው። ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏት፣ የዋጠችውን ሁሉ እያስመለሳት፣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትሄደው። አፏ ውስጥ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ ያስለቅሳት ነበር። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንደተኛች ድንገት እንቅልፍ ጣላት። ደስታዬን አትጠይቀኝ። አንተ በዚያ ሰዓት እንደምትደውል አውቃለሁ፤ ስልኩ ከጮኸ ደግሞ ትነቃለች። ቶሎ ብዬ «እማዬ አርፋለች፤ እንዳትደውል» ብዬ ላክሁልህና፣ የቤቱን ስልክ ሁሉ ዘግቼ ወደ ስፌት መኪናዬ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

እስቲ አንተም ፍረድ! ለሞተ ሰው «እንዳትደውል» ይባላል? የሞተች እናት በስልክ ጩኸት ትነቃለች? ይህን አሁን እላለሁ እንጂ፣ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ሁለተኛዋን ቃል አላያትም ነበር። «አርፋለች» የሚለው አንዴ ዐይን ውስጥ ከገባ በኋላ ለሌላ ቃል ቦታ አይተርፍም። ስትደውል ደግሞ የሁላችንም ስልክ ዝግ ነው። እዚያ ብርድ ቤት ውስጥ በተሰቀለው ሥጋ መሐል መሬት ላይ ተቀምጠህ ያገኘህ ያ ቀውላላው ጓደኛህ እንዴት እንዳነሳህ ነግረኸኛል።

አንተ ለአክስታችን ደወልክ፤ አክስታችን ከከተማው ወዲያኛው ዳር ታክሲ ይዛ ከነፈች። እኔ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እየያዝኩ ሳለ በራችን ላይ «ኧረ እህቴን! ኧረ አንድ ቀን ሳይደላት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አክስታችን ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ ተቀብላ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ከየቤታቸው ወጡ። እኔ መቀሴ ከእጄ ወደቀ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ገብቼ ስትተነፍስ ያየኋት እኔ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ፣ ቆሜ አለቀስኩ።

አባዬ ግቢ ውስጥ በርጩማው ላይ ሆኖ ሲጸልይ ነበር። ታውቀዋለህ፤ ያን ሁሉ ዘመን የጭነት መኪና ሲነዳ ከመሪው ጋር እንጂ ከፈጣሪ ጋር ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። እማዬ ከታመመች ወዲህ ግን ጠዋትም ማታም ጸሎት ነው፤ ሰው ሲመጣ «ትድናለች፣ ተነግሮኛል» ይል ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። የእማዬ ክፍል በር እዚያው አጠገቡ ነው። አልገባም። አላያትም።

ያኔ ነው እማዬ ግድግዳውን ይዛ ብቅ ያለችው። በሌሊት ልብሷ፣ በተመለጠው ራሷ፣ ጡቷ የተቆረጠበት የግራ ጎኗ ጠፍጣፋ ሆኖ። ሬዲዮ ቆሌዋ ተገፎ ወደ በሩ ሮጠች። እማዬ የበሩን መቃን ተደግፋ «ማን ሞተ?» አለች።

አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ ገባት። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። አክስታችንን «ቀጥይ እንጂ፣ ምን እያልሽ ነበር?» አለቻት። አክስታችን እግሯ ላይ ተደፋች። እኔን ሳቅ አፈነኝ፤ ጎረቤቱም ሳቀ፤ ለቅሶና ሳቅ ተደባለቀ። እማዬ ግን አልሳቀችም። አባዬን ነበር የምታየው። እሱ ገና ከመሬት አልተነሳም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ስልኩን ከፍተን ከአንተ ጋር ያወራነውን ታስታውሳለህ፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅህ «አለሽ? አለሽ?» ስትላት፣ «አለሁ ልጄ» ብላ ነበር የዘጋችው። ከዘጋች በኋላ የሆነውን ግን እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ ነበር፤ የእኔ ጆሮ ግን የራሴን ለቅሶ ሰማ» አለች። «አንዳችሁም ገብታችሁ አላያችሁኝም። ትድኛለሽ ትሉኛላችሁ፤ ለካ እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ እኔን ነው የምትጠብቁት።»

ወንድሜ፣ እውነቷን ነዋ። ፀጉሯ ሲረግፍ ከትራሷ ላይ እየለቀምኩ «ተመልሶ ይበቅላል» ያልኳት እኔ፣ በልቤ ምን እል እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

አምስተኛው መድኃኒት ቀን ደረሰ። አልሄድም አለች። «ለሞተ ሰው መድኃኒት አይሰጥም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሐኪሟ ደወለች፣ ለመንኩ፣ አክስታችን ተንበረከከች፤ ወይ ፍንክች! ቀጠሮው አለፈ። አባዬ ደግሞ ጸሎቱን ተወው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «በምን አፌ?» አለኝ። እሱና እማዬ መነጋገር አቆሙ። የስፌት መኪናዬ ድምፅ እንኳ ያሳፍረኝ ጀመር።

አክስታችን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ እዚሁ ሆና ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ቅያሪ ሳትይዝ መጥታ ስለነበር በዚያው በጥቁሩ ቀሚስ። አንድ ጠዋት ሾርባ ይዛ ስትገባ እማዬ ቀሚሷን ያዝ አድርጋ «ይሄ ከየት መጣ? ታክሲው ውስጥ ሰፉልሽ?» አለቻት። አክስታችን ሾርባውን አስቀምጣ እያለቀሰች ተናገረች፤ ያሰፋችው እማዬ ጡቷ የተቆረጠ ሰሞን ነው። እኔ ጋ አይደለም ያሰፋችው፤ ሌላ ሰፊ ጋ ወስዳ ነው፤ ያ ጠርዝ የእኔ እጅ እንዳልሆነ ገና ስትገባ ባየው ኖሮ ይገባኝ ነበር። ደግሞ አሰፋፉ ምን ዓይነት ነው! እማዬ በደነዘዙት ጣቶቿ ጨርቁን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና «ጨርቁስ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቅደጂው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በግራ ጡቷ ቦታ የሚገባ ጥጥ የሞላሁት መደገፊያ ሰፍቼላት ነበር። ጥጥ ቀሊል ነው፤ እየተንሸራተተ አንገቷ ሥር ይወጣባታል፤ እሷም አውጥታ ትወረውረዋለች። አሁን በዚያ ጥቁር ጨርቅ እንድሞላው ነው የፈለገችው፤ ክብደት እንዲኖረው። ለአክስታችን የእኔን ቀሚስ ሰጠኋትና ጥቁሩን አምጥቼ እማዬ ፊት ቆራረጥኩት። ከቀኟ ጋር እያመዛዘንኩ ሞላሁት፣ ከውስጥ ልብሷ ጋር አያይዤ ሰፋሁት። ለበሰችውና መስተዋት ፊት ቆመች። ትከሻዋ ቀና አለ። «ለቅሶዬን እኔው ልልበሰው እንጂ ለሌላ ሰው ምን ያደርጋል» አለች። ቀጥላም «ግራውን የጠባው ያ ሆዳም ነው፤ ሲመጣ ባዶ ሆኖ እንዳይደነግጥብኝ» አለች። አንተን ነው። ከዚያ ወዲያው ሐኪሟ ጋ እንድደውል አዘዘችኝ።

ምን ልቧን እንዳዞረው ስጠይቃት ቆይታ ነገረችኝ። «ያ ለቅሶ ጥሩ አልነበረም። አንድ ቀን ሳይደላት? ደልቶኝ ያውቃል እንጂ! ይህን ሳታውቁ ብሞት በውሸት ነው የምትቀብሩኝ» አለች። አሁን አቅም ባገኘች ቁጥር የደላትን ትነግረኛለች። እኛ ሳንወለድ አባዬ ሽንኩርት ጭኖ እሷን ጎኑ አስቀምጦ ሲሄድ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦባቸው፣ ደረቅ ዳቦ በጥሬ ሽንኩርት እየበሉ፣ ዐይናቸው እያለቀሰ ሲስቁ ያደሩበትን ነገረችኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ጭነቱን አጉድለሽ አስቀጥተሽኛል» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማውራት ጀመሩ።

እንግዲህ ደስ የሚል ብቻ ነግሬ አልሸነግልህም። ሕክምናው ቀጥሏል፤ አምስተኛውን ወስዳለች፤ ስድስተኛው ይቀራል። ያመለጣት ቀጠሮ ምን ያህል እንደጎዳት ሐኪሟ አታውቅም። ጥፍሮቿ ጠቁረዋል፤ ቁልፍ መቆለፍ አትችልም፤ ሰውነቷ አልቆ ስሸከማት የማነሳው ልብሷን ይመስለኛል። በመጨረሻው ምርመራ ሳንባዋ ላይ ትንሽ ጥላ ታይቷል። ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ሲያበቃ እንደገና ይታያል ብላለች ሐኪሟ። ድናለች አልልህም። ትድናለች ብዬም አልምልልህም። አባዬም «ተነግሮኛል» ማለቱን ትቷል። ጸሎቱን ግን ጀምሯል፤ አሁን ከመጸለዩ በፊት መጀመሪያ ገብቶ ያያታል። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ስለ ቃሉ ተማክረናል። «አርፋለች» ከዚህ ቤት ተባርራለች። «ተኝታለች» እንዳልልህ፣ ሆስፒታል የገባች ይመስልሃል። «አንቀላፍታለች» ደግሞ ይባስ! «ዐይኗን ከድናለች»፣ «ሄዳለች»፣ አንዱም አይሆንም፤ ሞት ቃላችንን ሁሉ ይዞብን የለ እንዴ? መላውን ያገኘው አባዬ ነው። «የሞተ ሰው አያንኮራፋም፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊለት» አለኝ። ማንኮራፋቷ ከመኪናዬ ሞተር ይብሳል እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያማርር የኖረ ሰው! እማዬ ይህን ስትሰማ ራሷን እየደባበሰች «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን ሁለቱም ታውቋል» ብላ ሳቀች።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ብላኛለች። የዚያን ዕለት ሞታለች ብለህ ስታለቅስ ምን ምን እንዳልክ ጽፈህ ላክላት። «የእህቴን ሰምቻለሁ፣ የእሱን ግን ሳልሰማው እንዳልቀር» ነው ያለችው። አታሳምረው፤ ከአፍህ እንደወጣ ጻፈው። ካላስታወስከው ቀውላላውን ጠይቀው። እኔ አነብላታለሁ። እባክህ ቶሎ ጻፈው፤ ስለ ጥላው እስክናውቅ ድረስ አትጠብቅ።

አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ ወገብህን እንድትጠብቅ፣ ከባድ ስታነሳ ጉልበትህን እንድታጥፍ ብሏል። አክስታችን ጉንጭህን ስማሃለች፤ የእኔን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ሳትመልስልኝ ቀርታለች። ሬዲዮም ሰላም ብላለች፤ በእርግጥ ይህን ደብዳቤ ሳልጨርስ ይዘቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ቀውላላውን እቀፍልኝ፤ ከመሬት ስላነሳህ ውለታው አለብኝ በለው። እማዬ ራሷ የምትልህን ስትነቃ ትነግርሃለች።

ታላቅ እህትህ፣ መርፌዋ

ከእማዬ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ወረቀቱን ሳጥፍ አባዬ ገብቶ አይቷት ወጣ። እያንኮራፋች ነው።