ያለ ኮፈን ወደ ቁስቋም

ይድረስ ለውድ ልጄ ለጽጌረዳ መሸሻ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽ ይገዙስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የጎሬ ዝናብ አባራ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም እየሳልሽ ነው የምታስተምሪው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ እኔን ግን ሊያሳብደኝ ነው። በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ቀስ እያልኩ ስለምጽፍ ታገሽኝ።

ልጄ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የወንድምሽ የስብሐት መርዶ የመጣ ቀን፣ አምና ጥር 6፣ ገና ጎህ ሲቀድ የእድር ሰዎች ግቢያችን ገብተው መኪናዋን ከበው ቆመው በመስኮት አየኋቸው። ስብሐት ወደ ግንባር ሲሄድ ትቷት የሄደውን አሮጌ ፊያት አባትሽ ሊያስነሳት ይታገል ስለነበር፣ ሊገፉለት የመጡ መሰለኝ። ምነው በዚህ ብርድ፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምሱ ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። የእድሩ ዳኛ አቶ ግዛቸው ቀና ብለው እኔን ማየት አቃታቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትሽ ከመኪናዋ አልተላቀቀም። ሞተሯን አወረደ፣ መልሶ ገጠመ። መካኒኩ ዋቅጋሪ፣ ጋሼ አሁን ስትገፋ ትነሳለች፣ መጀመሪያ ይንዷት፣ የሚያማትን ራሷ ትናገራለች አለው። አባትሽ እቴ! ስብሐት አዲስ አድርጌ ነው የምነዳት ብሏል፣ አዲስ ሳትሆን ከግቢ አትወጣም ብሎ ወንበሮቿን ነቀለ። ሳሎን ገብተው አምስት ወር ቆዩ። እትዬ የዓለምወርቅ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ያስቀመጥኳት የኋላ ወንበሯ ላይ ነው፤ ታዲያ መቼ ነው የምንነሳው ብላ ሳቀችብኝ። ቀለሟንም ስብሐት የመረጠው ሰማያዊ ይህ አይደለም እያለ ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሦስት ጊዜ ፋቀው።

ባለፈው ማክሰኞ ልብስ ሳጥብ አባትሽ ዋቅጋሪን፣ ኮፈኑ በዝገት አልቋል፣ ሌላ ኮፈን ካልተገኘ አትሄድም ሲለው፣ እኔ ከፈን ያለ መሰለኝ። የልጄን ነገር የሰሙ መስሎኝ እጄ ከነአረፋው ሮጥኩ። ለካ የሞተሩ ክዳን ነው! እነሱ ደንግጠው ያዩኛሉ፣ እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ። ሳለቅስ ደግሞ ንዴቱ መጣ።

ስብሐት እኮ፣ እማዬ የቁስቋምን ዳገት በዚህች ነው የማወጣሽ ብሎኝ ነበር። አባትሽ የሚያስታውሰው ግን አዲስ አድርጌ ያለውን ብቻ ነው። መጨረሱን እንደሚፈራ አላጣሁትም፤ ከጨረሰ ከልጁ ጋር የሚሠራው ሥራ አይኖረውም። ይገባኛል። የእኔ ጉልበት ግን አይጠብቅም፤ ቁስቋም ወጥቼ የማስብለት ሙት ዓመቱም ደርሷል።

ስለዚህ ቁርጡን ነገርኩት። ልጄ ያለ ከፈን ነው የሄደው፣ መኪናውም ያለ ኮፈን ትሂድ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ሳሎን ስገባ ወንበሮቹ የሉም፤ መኪናዋ ውስጥ ተመልሰው ተገጥመዋል። አቶ ግዛቸውንም ለምኛቸዋለሁ፤ ጥር 6 ማለዳ እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። የዘንድሮው እውነትም ሊገፉ ነው።

አንቺም ለአባትሽ ጻፊለት። ስለ ቀለሟ ብቻ እንዳትጠይቂው፣ አራተኛውን ይጀምራል።

ለይገዙ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አባትሽና እትዬ የዓለምወርቅ ሰላም ብለውሻል። ይህን ደብዳቤ ስታነቢው የሚሰማ ሁሉ ልጄን በክርስትና ስሙ፣ ኃይለ ገብርኤል ብሎ በጸሎቱ ያስብልኝ። መቃብሩን አላውቀውምና የማስይዛችሁ ስሙን ብቻ ነው።

እናትሽ ዓለምነሽ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.