ቲቸር ከድር ያጠፉት ስንዴ

ሰኞ

ሁሉንም ተቀበልኩ፤ አንድም አላስቀረሁም። ትናንት ጎባ አክስቴ ቤት ተሰብስበን የጻፍነው ኮድ በሙሉ ዛሬ ጠዋት ሪፖው ውስጥ ገባ፤ የመተግበሪያችን ኮድ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ለማንም ክፍት። ገበሬው ወረዳውንና ሰብሉን ሲመርጥ «በዚህ ወር ዝራ» ይለዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ሐሙስ አዲሱን ስሪት እንለቃለን። አርብ አብሮን ኮድ የሚጽፈው ቶላ አጋርፋ ላይ፣ ለሥልጠና በሚመጡ የልማት ሠራተኞች ስልክ ላይ ይጭነዋል። እነሱ አንዴ ወደየቀበሌያቸው ከተበተኑ ኔትወርክ የለም። ያላገኘ አላገኘም፣ የተሳሳተ ያገኘም ከነስህተቱ ይከርማል። መጋቢት ደግሞ ደረሰ፤ ዘር ሊወርድ ነው።

የትናንቱ ደቦ ግን ደስ ሲል! ቶላ ደቦን በኦሮምኛው «ጂጊ ነው እንጂ» እያለ ሲከራከረኝ ዋለ። አክስቴ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ አቀረበች፤ ላፕቶፑ ሁሉ ቅቤ በቅቤ ሆነ።

እውነቱን ልናገርና ያነበብኩት ግማሹን ነው። የቲቸር ከድርንማ ጭራሽ አላየሁትም። ለደቦ የመጣን ሰው ከኋላው እየተከተሉ «እዚህ ጋ አረም ቀረህ» ይሉታል? ያውም ቲቸርን! ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ ጡረታ ወጥተው ኮድ መጻፍ የተማሩ ሰው። የላኩት ሁሉ «እናመሰግናለን ቲቸር» ተብሎ ይገባል። ልማዳችን ነው።

ማክሰኞ

የኦሮምኛው ጽሑፍ ከስልኩ ማያ ጠርዝ መውጣቱን አቆመ። የቶላ አባት አሮጌ ስልክ ላይም ተከፈተ። ቢሮ ውስጥ አለቃዬ «ምን አገኘሽ፣ ብቻሽን የምትስቂው?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው።

የቀረ፦ የስሪቱ መግለጫ፣ የገብስ ሥዕል (አሁን ያለው ጤፍ ነው የሚመስለው)፣ እንቅልፍ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ።

ከአክስቴ ጎረቤት የተዋስነውን የኤሌክትሪክ ገመድ ልመልስ ወደ ጎባ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሥራ ፈትቼ መተግበሪያውን ከፈትኩ። ወረዳ ሲናና፣ ሰብል ስንዴ። «የዘር ጊዜ፦ ነሐሴ» አለኝ። ከነሐሴ ሌላ ምንም የለም። በመስኮት ሳይ ትራክተሮቹ ለመጋቢት ዘር መሬቱን እየገለበጡ ነው። የእኔ ስልክ ግን አርፋችሁ ተቀመጡ ይላል።

እኛ ባሌዎች ስንዴ በዓመት ሁለቴ እንደምንዘራ የማያውቅ የለም። መተግበሪያው የሚያነበው የዘር ሰንጠረዥም ሁለቴ ነበር የሚለው። ማን አጠፋው? ስፈልግ አገኘሁት፤ የቲቸር ከድር ሥራ ነው። በአንድ ወረዳ ሁለት ጊዜ የተጻፈን ሰብል «ድግግሞሽ» ብሎ የሚያጠፋ ውብ አጭር ኮድ። ቢያንስ ጽዳቱ ያስቀናል።

ለቶላ ደወልኩ። «ዝም ብለሽ ወደ ነበረበት መልሺዋ፣ መቅዲ! ማን ያያል?» አለኝ። ቲቸር ያያሉ። በየጠዋቱ ከሶላት በኋላ የተለወጠውን መስመር በመስመር ነው የሚያነቡት። ሪፖ ደግሞ አደባባይ ማለት ነው፤ ማን ጻፈ፣ ማን መለሰ፣ ከነስሙ ይቀመጣል። መምህሬን በአደባባይ ላርማቸው? ወይስ እንደ ሌባ ከጀርባቸው?

ስልካቸው አይሠራም። ነገ ቤታቸው እሄዳለሁ። በአካል ከነገርኳቸው ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ክብራቸውም አይነካም።

ሐሙስ

የሉም! አዴ ሩቂያ፣ ባለቤታቸው፣ በሩን ከፍተው «ኢንጅራን፣ የሉም ልጄ። አንገቱ ከተማ ለቅሶ ሄደዋል። እዚያ ስልክ ምን ሊሠራ» አሉኝ። መቼ ይመለሳሉ ስላቸው «ያ ረቢ፣ ለቅሶ ቀጠሮ አለው እንዴ?» ብለው በእኔው ላይ ሳቁ። ሻይ ሳልጠጣ አልለቀቁኝም።

አጥራቸው ሥር ቆሜ አሰብኩ። ብጠብቅ የነገው ሥልጠና ያመልጠናል። ብለቀው ሰው ሁሉ ዘሩን ይዞ ነሐሴን ይጠብቃል፤ ወይም «ይሄ ምን ያውቃል» ብሎ ዳግም አይከፍተንም። ዳግም አለመከፈታችን ይበልጥ ያስፈራኛል።

መለስኩት። ሥሩም ጻፍኩ፦ «በቲቸር ከድር ሥራ ውስጥ የመጋቢቱን ዘር የሚያጠፋ መስመር ስላለ ወደ ነበረበት መልሼዋለሁ። ሳላነብ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። መቅደስ።» አምስቴ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። «በታላቅ አክብሮት» የሚል ጨምሬ ነበር፤ የማመልከቻ ሽታ ስላለው አወጣሁት።

አመሻሽ ላይ ስሪቱ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የጻፍኩትን ደግሜ ደጋግሜ አነባለሁ።

አርብ

ቶላ ከአጋርፋ ደወለ። ሁሉም ስልክ ላይ ተጭኗል። አንዲት የልማት ሠራተኛ ገና ከመክፈቷ «መጋቢት፣ ስንዴ» ብላ ጮክ ብላ አነበበችው አለኝ። እሰይ!

አክስቴ ቲቸር ከአንገቱ ትናንት ማታ መመለሳቸውን ሰምታለች። ታዲያ አይተውታል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መልስ ፍለጋ ሪፖውን እየከፈትኩ እዘጋለሁ። ሰው እንዲህ የሚፈራው ፈተና ሲመለስ ነው።

ቅዳሜ

መለሱ። እዚያው አደባባይ ላይ፣ ሁሉ እያየ፦

«የመለስሽው ልክ ነው። ሳታነቢ ስለተቀበልሽ ግን ከአስር አራት።»

ወረድ ብሎ ደግሞ፦ «ስንዴ ሁለቴ ሲታጨድ እያየሁ ያረጀሁ ሰው፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ድግግሞሽ መሰለኝ። ይገርማል። ግን መቅደስ፣ ይህን ሁሉ ወር የላክሁትን ሁሉ ‹እናመሰግናለን ቲቸር› እያላችሁ ስትቀበሉኝ፣ ጥሩ መሥራቴን በምን ልወቅ? እኔ ተማሪዬን እንደዚያ በድዬ አላውቅም።»

ሳቅሁ። ቀጥሎ ትንሽ አለቀስኩ። እኛ እኮ ማክበራችን ነበር።

ከመልእክታቸው ጋር አዲስ ሥራ ልከዋል፤ የመጋቢቱ ስንዴ ዳግመኛ ከጠፋ ስሪቱ እንዳይወጣ የሚያግድ ፍተሻ። በሳቸው ቤት ነገሩ አልቋል። ዛሬ ቢሮ የለም፤ ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው መስመር አንስቼ አንድ ሳልዘል አነበብኩት። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ገብስም ሁለቴ ይዘራል፤ ረስተውታል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «ይቅርታ» የሚለውን አጠፋሁና ላክሁት።