በቅበላ የሚጾመው ባልሽ

ለባለቤቴ ለትብለጥ፤

ዛሬ ጠዋት ስመዘን ሰማንያ ሦስት ኪሎ ሆንኩ።

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አንቺ ስትሄጂ መቶ አርባ አንድ ኪሎ ነበርኩ። ቁጥሩን አታውቂውም፤ እኔም ያወቅሁት በኋላ ነው። እኛ ቤት የሚመዘነው በርበሬና ጤፍ እንጂ ሰው አልነበረም። አንቺ የምታውቂው ወንበሬን ነው። ስፌት መኪናዬ ፊት የማስቀምጠው ወንበር ሁለት ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ሦስተኛውን አናጢው ራሱ ተሸክሞ አመጣና «ጋሼ፣ ይኼን የሠራሁት ለበር በያዝኩት ጣውላ ነው፤ ይኼም ከተሰበረ የሚቀረኝ የድልድይ እንጨት ነው» ሲል፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ ስትስቂ እስከ በረንዳው ይሰማ ነበር። ወንበሩ ዛሬም አለ። እኔ ተቀምጬበት በጎኔ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ይይዛል።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርሽ። በቀብርሽ ዕለት ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት መውጣት አልቻልኩም። ሰዉ አንቺን ይዞ በእግሩ ሲወጣ እኔን ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። ባጃጇም ዳገቱ አጋማሽ ላይ አቃታት፤ አራት ሰው ከኋላ ገፍቶ አወጣን። ስደርስ አፈሩን እየመለሱ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም በዝርዝር አልተናገርኩም። በዓመቱ ልጃችን ስመኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ስኳሬን አስለካችና «አባዬ፣ አንተንም ልቀብር አልመጣሁም» አለችኝ። ይዛኝ ሄደች። ሐኪሞቹ ጨጓራዬን አብዛኛውን ቆርጠው አወጡት፤ የቀረው ቀጭን ሙዝ ያህላል።

የመጀመሪያው ወር ፈሳሽ ብቻ ነበር፤ በማንኪያ፣ በቡና ስኒሽ ልክ። ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ የለሰለሰ። አሁን በቀን ሺህ ካሎሪ ተፈቅዶልኛል፤ ለስድስት ጊዜ ተከፍሎ፣ ሁልጊዜ ፕሮቲን ያለው ምግብ ቀድሞ። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ሺህ ካሎሪ ስንት እንደሆነ እንዲገባሽ፣ ድሮ ለቁርስ ብቻ የምታቀርቢልኝ በቅቤ የራሰ ፍትፍት የአሁኑን የቀን ምግቤን በሙሉ ያልፋል። እኔም ያንን ጨርሼ «ምሳ መቼ ነው?» እል ነበር።

ጓዳሽን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ጨው የት እንደምታስቀምጪ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ትንሿን የምግብ ሚዛን ከቅመም ዕቃሽ ጎን አኑሬያለሁ። ሜትርና መቀስ የለመደ እጅ ግራም አልከበደውም፤ እንዲያውም ወደድኩት። ጠዋት አንድ እንቁላል፣ አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ ለምሳ አራት ማንኪያ ሥጋ ወይም ምስርና ሁለት ጣት ስፋት ያላት እንጀራ፤ እንዲህ እያለ እስከ ማታ ይሄዳል። ሁሉንም በደንበኞች መለኪያ ደብተሬ ጀርባ እጽፈዋለሁ። አንዳንዴ የሰው ወገብና የእኔ ምስር ይደባለቁብኛል።

አምና ጥር፣ ቡሬ ያለው ወንድምሽ ልጁን ሲድር ሄጄ ነበር። የሙሽራዋ አክስት ደስታዋን መቻል አቅቷት በሁለት እጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። እምቢ ብል ታዝናለች፤ ብውጥ የት ይገባል? ዋጥኩት። ከዚያ ላብ እያሰመጠኝ ከድንኳኑ ጀርባ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። በማግስቱ ከአዲስ አበባው ሆስፒታል የምትከታተለኝ የምግብ ባለሙያ በስልክ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ።

«አንድ ጉርሻ» አልኳት።

«ስንት ግራም ይሆናል አባባ?»

«እሱ እንደ አጉራሿ ነው ልጄ።»

እስኪበቃት ሳቀች፤ ከዚያ ሠርግ ቤት ስሄድ የራሴን ሳህን ይዤ ከአጉራሾቹ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ አዘዘችኝ።

ፍኖተ ሰላም ደግሞ መክሳቴን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ሐዘን ጨረሰው ተባለ። ሴቶቹ አገልግል እየያዙ ይመጡ ጀመር፤ «በሞቴ ቅመስ» እያሉ። ሁሉንም ሳመሰግን ሁሉንም ለጎረቤት ሳከፋፍል ከረምኩ። ከሽንዲ እየመጣች ልብስ የምታሰፋው ደንበኛችን አንድ ገበያ ቀን በረንዳው ላይ ቆማ አየችኝና «ኧረ ጋሼ፣ ሚስትዎ ሊወስዱዎት እየጎተቱ ነው እንዴ?» አለች። «አይ፣ ወገቤን እያስጠበበችኝ ነው» አልኳት። ሱሪዬን አራት ጊዜ አጠበብኩት፤ በአራተኛው የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው አንድ ሊሆኑ ደረሱ። ለሌላ ሰው እንዲህ ሰፍቼ ብሰጥ ያስከስሰኛል። በመጨረሻ አዲስ ሰፋሁ፤ ለራሴ ልብስ ስሰፋ ጨርቅ ሲተርፈኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዳገቱንም ወጣሁት። መጀመሪያ ሦስት ቦታ አርፌ፣ ከዚያ አንድ ቦታ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ሳላርፍ እወጣዋለሁ፤ አንቺ ጋ ደርሼ፣ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ «እንዴት አደርሽ» እልሻለሁ። ይህን ደስታ ለማን እንደማካፍለው ሳስብ ነው ደብዳቤ ልጻፍልሽ ያልኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሁዳዴ ደረሰ።

ታስታውሻለሽ፣ ከቆረብን ወዲህ እስክትለዪኝ ድረስ ጸሎተ ሐሙስን አብረን ሳንቆርብ ያለፍንበት ዓመት የለም፤ ዳገቱንም አንቺን ተደግፌ እወጣው ነበር። አንቺ በሴቶቹ በኩል፣ እኔ በወንዶቹ በኩል፤ ስንወጣ በሩ ላይ እንገናኝና ምንም ሳንነጋገር ወደ ቤት እንወርዳለን። ካቻምና ዳገቱ አቅቶኝ ከቤት ቀረሁ። አምና ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ገና አምስት ወሩ ነበርና ሁዳዴን በሙሉ ወተትና እንቁላል ወሰድኩ። የነፍስ አባታችን አባ ይትባረክ ፈቅደውልኛል። ሆኖም እንቁላሉን የምቀቅለው መስኮት ዘግቼ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ለመቁረብ እኔው ራሴ አልደፈርኩም፤ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሲወጣ አይቼ ተመለስኩ። ዘንድሮ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

በጥር መጀመሪያ ባለሙያዋ የጻፈችልኝን የአመጋገብ ወረቀት ይዤ፣ ወተትና እንቁላል እየወሰድኩ መቁረብ እችል እንደሆነ ልጠይቅ አባ ይትባረክ ዘንድ ሄድኩ። ታውቂያቸዋለሽ፣ ቀጥ ያለ መልስ ከእሳቸው አይገኝም። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ለመሆኑ ታመሃል?» አሉኝ።

«ድኛለሁ አባቴ።»

«እንግዲያ ችግሩ እሱ ነው። ለታመመ እፈቅድ ነበር፤ አምና ፈቀድኩልህ። ዘንድሮ ዳገቱን ከእኔ ቀድመህ እየወጣህ ምን ብዬ ወተት ጠጣ ልበልህ?»

ካልጠጣሁ እንደምደክም፣ ፕሮቲኑ ካነሰ ጡንቻዬ እንደሚያልቅ አስረዳኋቸው። ሲያዳምጡኝ ቆይተው «አንተ ሰውዬ፣ ሆድህን ቆርጠህ ጥለህም ስለ ሆድ ትሟገተኛለህ?» አሉና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ሰዓቱን ለእኔ ተወው። በየሦስት ሰዓቱ ብላ ካለችህ ብላ፤ እሱን እኔ እሸከመዋለሁ። የምትበላው የጾም ከሆነ ሳትሳቀቅ ትቆርባለህ። ይበቃሃል ወይ የሚለውን ግን እሷን ጠይቅ፤ እኔ ደም መመርመር አልተማርኩም። ደግሞ ሁዳዴ እስኪገባ አትጠብቅ። አሁን ሞክረው። ቢጥልህም በፍስክ ይጣልህ።»

ባለሙያዋ መጀመሪያ አልተቀበለችውም። «አባባ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ በዚያች ጨጓራ ሰባ ግራም ፕሮቲን ከየት ያመጣሉ?»

«ግብጦ አለ» አልኳት።

«አረቄ ቤት የሚቆረጠመው? መራራው?»

«ከታጠበ አይመርም።»

ላጣራው ብላ በማግስቱ ደወለች። ፕሮቲኑ ከሽምብራም እንደሚበልጥ፣ በደንብ ያልታጠበው ግን እንደሚመርዝ ነገረችኝ። ሃያ አንድ ቀን ሰጠችኝ። በሃያ አንደኛው ቀን ደም እሰጣለሁ። ባለፈው ምርመራ ፕሮቲኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለነበር ነገሩን አላለሳለሰችውም፦ «ከዚያ ከወረደ አልደራደርም አባባ፤ ወደ እንቁላልና ወተት ይመለሳሉ።»

ግብጦ እንዴት እንደሚታጠብ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ የማውቀው ጫማሽን መጠበቅ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ሳለን ላህ ወንዝ ዳር ጆንያውን ከዛፍ ሥር አስረሽ ውኃው ውስጥ ትተዪው ነበር። በየቀኑ ወርደሽ አንድ ፍሬ ትነክሺና «ገና ነው» ትያለሽ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማሽን ይዤ አይሻለሁ። ስንት ቀን እንደሚቆይ አንድም ጊዜ ቆጥሬ አላውቅም። አንቺን እያየሁ ማን ቀን ይቆጥራል?

እናም በሦስተኛው ቀን አወጣሁት። አፌ እስኪደርቅ መረረኝ፤ ራሴንም ትንሽ አዞረኝ። ጎረቤታችን ውዴ አጥር ላይ ሆና አየችኝና አንዱን ቀምሳ እዚያው ተፋችው። «ጋሼ እንየው፣ ሦስት ቀን? በሦስት ቀን አንቱ ሱሪ እንኳ አታደርሱም!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእሷ ቀሚስ ራሱ ከገና ወዲህ እኔ ዘንድ ነበር። ቀሚሱን በሁለት ቀን ሰፍቼ ሰጠኋት፤ እሷም ግብጦውን አስተማረችኝ፦ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ከዚያ የሚፈስ ውኃ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን፣ በየቀኑ እየተነከሰ። በስድስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ቆሜ አንድ ፍሬ ነከስኩ። አልመረረም። ብቻዬን እየሳቅሁ ሌላ ደገምኩ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ። ሃያ አንዱን ቀን መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ ዕለት ነው።

ይኸው ሰው ሁሉ በቅበላ በግና ዶሮ ሲያርድ እኔ ግብጦና ሽምብራ እየመዘንኩ ሰነበትኩ። ሰፈሩ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ትናንት አንዱ ደንበኛዬ የቁርጥ ግብዣ ይዞ መጣ። ሳህኔን አየና «ጋሼ፣ ጾም ገባ እንዴ?» አለኝ። «እኔ ዘንድ ገብቷል» አልኩት። ቀኑን ተሳስቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ስልኩን አውጥቶ አየ። ስመኝም ስትደውል «አባዬ፣ ሰው ሁሉ ሲጾም ትበላለህ፣ ሰው ሁሉ ሲበላ ትጾማለህ» እያለች ታበሽቀኛለች። አንቺ ብትኖሪ ከሁሉም ይልቅ የምትስቂው አንቺ ነበርሽ።

ሺህ ካሎሪው አላስቸገረኝም፤ ጥቂት ለውዝ ከወፈረ ሽሮ ጋር ይሞላዋል። ያስቸገረኝ ፕሮቲኑ ነው፤ ሰባው ግራም ሳይሞላ ጨጓራዬ ይሞላል። ከሃያ አንዱ ቀን በአሥራ ሰባቱ ሞልቻለሁ፣ በአራቱ ጎድሎብኛል። ደብተሩ ላይ የጎደለውን እንደ ጎደለ ጽፌዋለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዛሬም ዳገቱን ወጥቼ ወርጃለሁ። ነገር ግን ባለፈው ምርመራም ደህና ነኝ ባልኩበት ጊዜ ነው ፕሮቲኔ ዝቅ ብሎ የተገኘው። ስለዚህ ከመናገር ተቆጥቤያለሁ።

ትብለጥ፣ አንድ ነገር ግን ከማንም ፈቃድ አልጠብቅበትም። ብቆርብም ባልቆርብም ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት እዚያ እሆናለሁ፤ በቅዳሴው እንዲታሰቡ ለካህኑ ከሚነገሩት የሙታን ስሞች መካከል የክርስትና ስምሽ ይኖራል፤ በእግሬ መቆም እስከቻልኩ ድረስ በየዓመቱ ይኖራል። ስመኝም ከእኔ በኋላ እንዳትተወው ነግሬያታለሁ።

ትናንት ጠዋት ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ለባለሙያዋ ይደርሳታል፤ የጻፈችውን ስመኝ በስልኬ ትልክልኛለች። አባ ይትባረክ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘኸው ና ብለውኛል። ሁዳዴ ሰኞ ይገባል።

ባልሽ እንየው
ፍኖተ ሰላም