ነገን በመጀመሪያው መስመር

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? የፊኒክስ ፀሐይ ገና አላከሰለችሽም? ባልሽስ፣ አሁንም ስልክ ሲያነሳ እንደ መጋዘን ዘበኛ "ማን ልበል?" ይላል? እኛ እዚህ ሜይናርድ ደህና ነን። በረዶው ቀልጦ ወንዙ እስከ አሮጌው ፋብሪካ ግንብ ድረስ ሞልቷል። እናትሽ ደህና ናት። እኔም እንደ ጓዳችን በር ነኝ፤ ስከፈትም ስዘጋም እጮሃለሁ እንጂ ከማጠፊያዬ አልወለቅሁም።

ሰላምታውን ሳላበዛ ጉዳዬን ላስቀድም፤ ለምን እንዳስቀደምኩት ኋላ ይገባሻል። እናትሽን ልትወስጂ ስትመጪ ሳሎን መስኮቱ ሥር ያለውን ማሽን አብረሽ ውሰጂ። ሻንጣ የሚያህል ሣጥን፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ የፊደል መጻፊያ ገበታ ያለው የድሮ ኮምፒውተር ነው። በስልክ "አጎቴ፣ ያን የብረት ክምር ለሙዚየም ስጥና ተገላገል" ያልሽኝን አልረሳሁም። ለሙዚየም የሚሰጥ ነገር ከተፈለገ እኔ እቀድማለሁ። ማሽኑ ግን ከእናትሽ ጋር ይሄዳል። ይህን ቃል ከገባሽልኝ የቀረውን ደብዳቤ ባታነቢውም አልቀየምም። አላቆምሽም አይደል? ድሮም ወሬ ትወጃለሽ።

እናትሽ በጥር ወር ስትሮክ መትቷት ወድቃ ከተነሳች ወዲህ አንድ ቃል እንዳልወጣት ታውቂያለሽ። የንግግር ሐኪሟ በየሳምንቱ እየመጣች የዳቦ ሥዕል፣ የቁልፍ ሥዕል፣ የድመት ሥዕል ታሳያታለች። እናትሽ ሥዕሉን ታያለች፣ ሴትዮዋን ታያለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እኔ የእናታችንን ኒሱ፣ ያን የፊንላንድ ጣፋጭ ዳቦ፣ ቆርጬ ቅቤ ቀብቼ አቀርብላታለሁ። ትበላለች። ያን ሁሉ የድሮ ቀልዴን አንድ በአንድ አወጣሁላት፤ ጎረቤት ፊት የማይነገረውን ሁሉ ሳይቀር። አንዴም አልሳቀችም። ዕድሜዬን በሙሉ ያሳቅኋት ሴት ፊት ተቀምጦ መቀለድ እንዴት እንደሚያደክም እንጃ ምን ብዬ ልንገርሽ። እንጨት ስፈልጥ ብውል ይሻለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ፔልኪ መጣ። ታስታውሽዋለሽ፤ ከእናትሽ ጋር በተዘጋው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ማሽን ይጠግን የነበረው፣ ጎንበስ ባለ ቁጥር ሱሪው የሚወርድበት። ምሳ እየበላን ሳለ እናትሽ በጣቶቿ ጠረጴዛውን ስትመታ አይቶ ሹካውን አስቀመጠና "አንተ ሽማግሌ፣ ይቺ ሴት እኮ እየጻፈች ነው!" አለኝ። እኔ መንቀጥቀጥ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም እንዳታፍር ብዬ አላየሁም ስል ከረምኩ። "ምን መንቀጥቀጥ! መጨረሻ ላይ ትንሿን ጣቷን ወደ ጎን ስትሰድ አላየህም? 'ትእዛዜ አልቋል፣ ፈጽም' የሚለው ቁልፍ እኮ እዚያ ጋ ነው። ስንት ዘመን አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ" አለ።

በማግሥቱ ፔልኪ ጎተራው ውስጥ ካከማቻቸው የሞቱ ማሽኖች መካከል አንድ ሕያው ለማውጣት ተነሳን። አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበት ነበር። ፔልኪ ከዚህም ከዚያም እየነቀለ ሲገጣጥም እኔ መብራት ያዥና ተሳዳቢ ሆኜ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ያ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ሲል ፔልኪ አለቀሰ። አቧራ ነው ብሏል፤ አንቺም አቧራ ነው በይ።

እኔ መቼም መሐንዲስ አይደለሁም። እናትሽ አማልዳ ስታስቀጥረኝ ሥራዬ መረጃ የሚቀዳበትን የቴፕ ጥቅል ማሽኑ ላይ መጫንና ማውረድ ነበር። ስክሪፕት መጻፍ የተማርኩት፣ ማለትም ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመውን ትእዛዝ፣ በእናትሽ ትከሻ አሻግሬ እያየሁ ነው። ያ ቋንቋ ጨርሶ ከራሴ የወጣ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ስል ግን እንደ ልጅነት ዘፈን ተመለሰ፤ መጀመሪያ ዜማው፣ ከዚያ ቃሉ። በየመስመሩ ራስ ላይ የዶላር ምልክት ይቀመጣል። ፔልኪ "ኩባንያው ሲዘጋ የተረፈን ዶላር ይኼ ብቻ ነው" ይላል፤ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።

የረሳሁት ደግነቱን ነበር። ይህ ቋንቋ ትእዛዙን ሙሉ ካልጻፍሽ ብሎ አያስጨንቅሽም። የቃሉን መጀመሪያ ጥቂት ፊደል ከሰጠሽው የቀረውን ራሱ ይረዳል። ቃል መጨረስ ላቃታት ሴት እንዲህ ያለ አድማጭ ከየት ይመጣል? እኔና ሐኪሟ ክረምቱን በሙሉ የጠበቅንባት ሙሉ ቃል ነበር።

አጭር ስክሪፕት ጻፍኩላት። ጧት ቁርስ ላይ ስክሪኑ በእኔ ስም "እህት ዓለም፣ እንደምን አደርሽ? ዛሬም ትበልጪኛለሽ፤ በዕድሜ" ይላታል። ከዚያ ኪኒኗን ያስታውሳታል። መጨረሻው መስመር ላይ ማሽኑን "ይህን ሥራ ነገ ጧት ድገመው" ብዬ አዘዝኩት። እናትሽን ወንበሯ ላይ አስቀመጥናት። አነበበች። ፊቷ አልተለወጠም። እጇን ግን ገበታው ላይ አሳርፋ ስክሪፕቱን ራሱን ከፈተችው! ከዚያ እየቆመች፣ እየተሳሳተች፣ እየመለሰች፣ ቁርሷ እስኪቀዘቅዝ ሠራች። ስታበቃ ተመለከትን። የመጨረሻዋን መስመር አንስታ የመጀመሪያ አድርጋታለች።

እኔ አበላሸችው ብዬ ነበር። ፔልኪ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። ለካ በወጣትነቱ እሱም እንዲሁ ትእዛዙን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ፣ አታሚው ወረቀት ቢውጥበት ሥራው መሃል ላይ ሞተ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ስላልደረሰ በማግሥቱ አልተነሳም፣ በሳልስቱም። ያን ጊዜ እናትሽ በሰው ሁሉ ፊት "ፔልኪ፣ ነገን መጨረሻ ላይ የሚቀጥር ሰው ነገ የለውም። ነገን መጀመሪያ ቅጠር፤ ዛሬ መንገድ ላይ ብትወድቅ እንኳ ነገ ይመጣል" ብላ አሳቀችበት። ከዚያ ወዲያ የክፍሉ ሕግ ሆነ። ፔልኪ ይህን ሲነግረኝ ቀና ብዬ አየኋት። በአፏ በአንድ በኩል፣ በሚታዘዝላት በኩል፣ እየሳቀችብን ነበር።

ሐኪሟ "የእጅ ልማድ ሊሆን ይችላል፣ ተስፋችሁን አትቆልሉት" ብላናለች። አልቆለልኩትም። ዳቦን ዛሬም ዳቦ አትልም። ግን ጧት ጧት ከእኔ ቀድማ ወንበሯ ላይ ትገኛለች።

አትውሰጃት ማለቴ እንዳይመስልሽ። ውሰጃት። አሁን ከጓዳ እስከ ሳሎን ስመጣ መሃል ላይ ግድግዳ ተደግፌ አርፋለሁ፤ እሷም ሳርፍ አይታኛለች። ሐሙስ ፔልኪ ቦስተን ያደርሰኛል። የሌሊት ልብስ ያዝ ብለውኛል። ለስንት ቀን ብዬ ብጠይቅ ወጣቱ ዶክተር ጫማዬን እያየ "እናያለን" አለኝ። ጥሩ ጫማ ነው፤ አልፈርድበትም። አንቺ እስክትደርሺ የፔልኪ ሚስት እናትሽ ዘንድ ታድራለች።

ስለዚህ ያለፉትን ሳምንታት በየጧቱ የሚበቃ ቀልድና ስድብ ስጽፍ ከረምኩ። ስለ ባልሽ ያሉትን ዝለያቸው። ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም ማለቃቸው አይቀርምና መጨረሻቸው ላይ "ቀልዱ ሲያልቅ ሥራው ይቁም" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ይጻፋል? ሰው ሲያልቅበት ያልቅበታል።

ትናንት እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ሳንቀላፋ ገበታው ሲንኳኳ ሰማሁ። አልተነሳሁም። ይህ ማሽን ጽሑፍ ሲለወጥ አሮጌውን አይጥለውም፤ ከአዲሱ ጎን ያኖረዋል። ዛሬ ጧት ሁለቱን አስተያየሁ። ከቀልዶቼ አንዲቱንም አልነካችም። የለወጠችው "ይቁም" ያልኩበትን ቦታ ብቻ ነው። ቃሉን ሙሉ አልጻፈችውም፣ ጥቂት ፊደል ነው፤ ማሽኑም እኔም ተረዳናት። "ወደ መጀመሪያው ተመለስ" ይላል።

ማሽኑን ስትጭኚ በብርድ ልብስ ጠቅልይው። ገመዱን የት እንደምትሰኪ ፔልኪ ያሳይሻል፤ ሱሪውን አትይበት። ቋንቋውን ደግሞ ከእናትሽ ተማሪ፤ በትከሻዋ አሻግረሽ እይ፣ እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው።

እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። በእጇ ያጎረሰችሽ እናት ከእጅሽ ትጥገብ። ልጆችሽ እንደ አንቺ አስቸጋሪ ሆነው ይካሱኝ።

በዕድሜ የሚያንሳት፣ በሌላው ሁሉ የሚበልጣት፣

አጎትሽ