ቀይ አምፖሉ እንደበራ የተሰጠ ቃል

እኔ፣ ተመልካቾቼ «ሟቹ» እያሉ የሚጠሩኝ የጌም ቀልድ ቪዲዮ ሠሪ፣ ዕድሜዬ አርባ ሦስት፣ ዛሬ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በምቀርጽበት ክፍል ውስጥ፣ አራት ምስክሮችና ቃሌን የሚመዘግብ ጸሐፊ ባሉበት ይህን ኑዛዜ በቃሌ እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙ ክረምቱን እንደማልሻገር ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። እናቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስክሪን ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው አእምሮው ጤነኛ ሊሆን አይችልም ብላለች። ተቃውሞዋ ተመዝግቧል።

በእኔ ጥያቄ ማይክሮፎኑ ተከፍቷል፤ ከበሩ በላይ ያለው ቀይ አምፖልም በርቷል። ይህ አምፖል ሲበራ በቤቱ ማንም አይናገርም፣ ድስት አይከደንም፣ ቧንቧ አይከፈትም። ዛሬ የበራው ሁሉም እንዲናገር ነው ብዬ አስረድቻለሁ። ምስክሮቹ አሁንም የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ደረጃችን ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጥቶ ነበር፤ ምስክር ስለጎደለ ተመልሷል።

አንደኛ። ወንበሬን ለእናቴ ሰጥቻለሁ። የተጋባኸው ከወንበሩ ጋር ነው ስትለኝ ስለኖረች፣ ምራቷን ትረከብ። ወደ ኋላ የሚያስተኛው እጀታ ተሰብሯል፤ አትደገፍበት።

ሁለተኛ። ኮምፒውተሩንና ሁለቱን ስክሪኖች ቪዲዮዎቼን ለሚያቀናብርልኝ ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቻለሁ። እጁ ይባረክ፤ መቁረጥ ግን ያበዛል። ባለፈው ዓመት ሳል ይዞኝ የእውነት የሳልኩትን ቆርጦ ጥሎ፣ ለቀልድ የሳልኩትን አስቀርቷል። ብጠይቀው፣ የመጀመሪያው አያሳምንም አለኝ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ እንዲጻፍ ግን ፈልጌያለሁ።

ሦስተኛ። ቻናሉ። እዚህ ላይ ምክንያቱ ይረዝማል፤ ጸሐፊው ይታገሠኝ።

በጌም ጎበዝ አይደለሁም። ሰዎች አውቄ የምሸነፍ ይመስላቸዋል፤ አንድም ቀን አውቄ ተሸንፌ አላውቅም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በተቀነስኩ በሁለተኛው ዓመት አርባ ተመልካች ነበረኝ፤ አሥራ አንዱ ዘመዶቼ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጌሙ ውስጥ ካለ አንድ ድልድይ ላይ እየወደቅኩ ስሞትና ስነሣ እየቀረጽኩ ነበር። በሩን መዝጋት ረስቻለሁ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ከታላቅ እህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። እህቷ ባልሽ ምን ይሠራል ብላት ይመስለኛል፣ ማይክሮፎኑ ላይ ይህ ገባ፦

«ምን ይሠራል ትይኛለሽ እንዴ? ቁጭ ብሎ ይሞታል። ዛሬ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ሞተ። አንድ ሰው እንኳ ለቅሶ አልደረሰኝም።»

ሳላስፈቅዳት ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቀን ሚሊዮን ሰው አይቶታል። «ሟቹ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። በሳምንቱ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቤት ድረስ መጥቶ፣ የሴትየዋን ንግግር የሚጽፍላት ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው፣ አምፖሉ ሲበራ ቃል አልተነፈሰችም። ሲጠፋ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፤ ልብስ ሰፊው ያውቃል። በሩን አውቄ ክፍት ተውኩ፤ ሽንኩርቱን እንኳ ያለ ድምፅ መክተፍ ጀመረች። ሌላ ማይክሮፎን ከስኳር ዕቃው ጀርባ ደበቅኩ፤ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። በመጨረሻ ሻሽ አስሬ ድምጿን እኔው ሠራሁት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቪዲዮ። ተመልካች ወደደው። እናቴ ብቻ አንዱን አይታ፣ እሷ እንዲህ አትልም ብላ ዘጋችው። ልክ ነበረች።

ስለዚህ በምስክሮች ፊት አረጋግጣለሁ። ያ ቃል የባለቤቴ ነው። አንድ ፊደል አልጻፍኩበትም። ይህ ኑዛዜ ሳይቆረጥ የመጨረሻው ቪዲዮ ሆኖ ይለቀቅ፤ የሚለቀቀውም እሷ ከፈቀደች ብቻ ነው። ወንድሜ ትናንት ተቃውሟል። ሰው የወደደህ ደራሲ ነህ ብሎ ነው፣ አሁን በመጨረሻ ስምህን ለምን ታበላሻለህ ብሎኛል። ስሜ ሟቹ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል ብዬዋለሁ።

ቻናሉ የባለቤቴ ይሁን። ካልፈለገችው ይዘጋ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት አይኑር።

አራተኛ። ቀይ አምፖሉም የእሷ ነው። ትስበረው፣ ታብራው፣ እሷ ታውቃለች።

ጸሐፊው በደንቡ መሠረት ወራሾቹን መቀበላቸውን አንድ በአንድ ጠየቀ። እናቴ እጀታው ስንት ቀን ሳይሠራ እንደቆየ ጠይቃ ተቀበለች። ወንድሜ ተቀበለ። ባለቤቴ በሩ ላይ፣ አምፖሉ ሥር ቆማለች። ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ዝም አለች። ወንድሜ አምፖሉን ሊያጠፋላት እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። እጁን ያዘችው። ከዚያ ጸሐፊውን እያየች ተናገረች፦

«ተቀብያለሁ። ልቀቁት። አሥራ አምስተኛ ብላችሁ እንዳትጽፉት ግን። ይኼንን እኔ አልቆጥርም።»

ማንም አልሳቀም። ልብስ ሰፊው እንደገና ወጣ። ጸሐፊው ከመቀበሏ በቀር ሌላው የኑዛዜው አካል ስላልሆነ ልተወው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልን ሰምተን ፈርመናል፦ የታችኛው ፎቅ መድኃኒት ቤት ባለቤት፤ አምፖሉን የሰቀለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፤ ጡረታ የወጣችው የጎረቤት አስተማሪ፤ ከደረጃው ተጠርቶ የመጣው ልብስ ሰፊ።

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ስለ አሥራ አራቱ ሞትና ስለ አሥራ አምስተኛው የተነገሩት ሁለት ቃሎች የማን እንደሆኑ ተናዛዡን ስጠይቃቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን በገዛ እጃቸው «የእሷ» ብለው ጽፈው ፈርመዋል።