እምቢ ማለት ለሚያፍረው ላይብረሪ

ለክቡር አቶ እንኳየሁ፣ የ«አቃፊ» ላይብረሪ ዝግጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሁለቱም ኩላሊቶችዎም እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ፣ ፕሮግራም በመሥራት የምተዳደር የትናየት ክንዱ ነኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆኑት አክስቴ እማሆይ ለተ ማርያም ናቸው። ነገሩን ወደ አደባባይ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በግል የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከሚል መልስ በቀር ምንም ስላላመጡልኝ ነው።

ለሌላው አንባቢ እንዲገባው ያህል፣ «አቃፊ» ማለት የመጻሕፍት ቤት ሳይሆን፣ ፕሮግራም ሠሪ ሁሉ የስም መመዝገቢያውን፣ ተራ ማውጫውንና መፈለጊያውን ከባዶ እንዳይሠራ ጽሕፈት ቤትዎ አዘጋጅቶ ያደለው የጋራ መሣሪያ ነው። አክስቴ የሚታከሙበት ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ተራ የሚያወጣው በዚሁ ነው። ሆስፒታሉ ከውስጡ አንዲት የፕሮግራም መስመር እንኳ መለወጥ አይፈቀድለትም፤ ፈቃዱ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

እማሆይ የመጡት ከዛሪማ ወዲያ ካለ ገዳም ነው። ሲመነኩሱ እንደ ሥርዓቱ በቁማቸው ፍትሐት ተደርጎላቸዋል፤ ለዓለም ሞተዋል ማለት ነው። የዓለም ስማቸውን ከነአባታቸው ስም እዚያው ትተው፣ ለተ ማርያም ብቻ ተብለው ወጡ። መዝጋቢዋ ዓይናዲስ የአባት ስም ስትጠይቃቸው፣ እሱንስ ትቼዋለሁ ልጄ፣ የተውኩትን ምነው ታስነሺኛለሽ አሏት። ዓይናዲስ ሸጋ ልጅ ናት፤ ከመነኩሲት ጋር አልከራከርም ብላ ቦታውን ባዶ ትታ መዘገበቻቸው። ኮምፒውተሩም ያለ አንዳች ማጉረምረም «ተመዝግቧል» አለ፤ እኛም አምነን ወደ ቤታችን ገባን።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ፦ ላይብረሪዎ ባዶ ቦታ ያለበትን ስም እንደ ደህና ነገር ይቀበልና፣ የተራው ዝርዝር ሲዘጋጅ ማንንም ሳያስቀይም፣ ድምፅም ሳያሰማ ያንን ሰው ይጥለዋል። በፊት በር ስቆ ተቀብሎ በጓሮ ያስወጣል። ስቀበል የጎደለውን ብናገር ምን ይሉኛል የሚል ይመስላል፤ መመሪያችሁም ላይ «ተጠቃሚን ፊት መንሳት አይገባም» የሚል ተጽፎ አንብቤአለሁ። ይሉኝታን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ቀዳሚ የሆነ ጽሕፈት ቤት ስላለን በእውነት ኮርቻለሁ። እኛም እኮ እዚህ አልችልም ማለት ነውር ሆኖብን «እሺ፣ ነገ» ብለን የምንሸኘው ሰው ብዙ ነው። ጤነኛ ሰው እሺ ነገ ሲባል በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ነገ እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አይደለም።

፪ኛ፦ ለተ ማርያም የሚባሉ ሕመምተኛ አሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ላይብረሪዎ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። እንዲህ ያለ ሰው የለም ማለቱ ይሁን፣ የአባት ስም ስላጣሁ መፈለግ አቃተኝ ማለቱ፣ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ነርስ ብርቱካን ባዶውን ስክሪን አይታ፣ እማሆይ እርስዎ እኮ የሉም አለቻቸው፤ እማሆይም ከፊቷ ተቀምጠው፣ እሺ ልጄ አሉ። አልጋው በተመዘገበው ሰው ልክ ተነጥፎ፣ ማሽኑ ተዘጋጅቶ፣ ያ ተራ ማንም ሳይተኛበት አለፈ፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ነበርን። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ስላለ በእጄ ይዤላቸው ወጣሁ። ፍትሐታቸው የተደረገው ከዓለም ለመለየት ነበር፤ ከእጥበት አልጋ ለመለየት ግን ገዳሙም አላሰበበት፣ ይህን የጨመረላቸው ጽሕፈት ቤትዎ ነው።

፫ኛ፦ ይህ እንኳ እኛን አይመለከትም፣ ግን ለሌሎች ስል ልናገር። ዝርዝሩን ልየው ላለ ሁሉ ላይብረሪዎ ቅጂውን ሳይሆን ዋናውን አንስቶ ይሰጣል። ብርቱካን አንድ ስም ቶሎ ለማግኘት ብላ በሀሁ ቅደም ተከተል ብትደረድረው የሁሉም ተራ እንደዚያው ሆኖ ቀረ፤ ከሳንጃ የመጡት አያ ፈንታሁን ከሰልፉ ፊት ወደ ጭራው ወረዱ። የእማሆይ ስም በ«ለ» ስለሚጀምር በዚህ ስሕተት ፊት ለመቆም ይችሉ ነበር፤ የቸገረው ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖራቸው ነው።

መድኃኒቱን አላውቅም እንዳልል ሠርቼ ልኬልዎታለሁ። ላይብረሪው ወይ በአንድ ስም ይመዝግብ፣ ወይ ገና ሲቀበል እምቢ ብሎ ምክንያቱን ይናገር፤ ፈልጎ ሲያጣና መፈለግ ሲያቅተውም ለይቶ ይናገር፤ ዝርዝር ሲሰጥ ደግሞ ቅጂ ይስጥ። መመሪያችሁ ግን ይህን የመሰለ አነጋገር ሻካራ ነው፣ የተጠቃሚን ስሜት ይጎዳል ይላል። ለስሜታችን ስላሰባችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክቡር ሆይ፣ እኔ ግን ፈርቻለሁ። እማሆይ ሲተነፍሱ ከሌላው ክፍል ይሰማኛል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ሥራዬን ትቼ እሮጣለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጄ የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም። ደርሶናል ከምትሉኝ አንድ ጊዜ እምቢ ብትሉኝ ይሻለኛል፤ እምቢ የተባለ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል።

ለሥራዎ መሳካት፣ ለዕድሜዎ መርዘም፣ ከሁሉም በላይ ስምዎ ከማንኛውም ተራ ሳይጎድል ሙሉ ሆኖ እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ የትናየት ክንዱ
ከአዘዞ፣ ጎንደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ዓይናዲስ አዝና አንድ መላ ነገረችኝ፤ ቦታው ባዶ አይሁን እንጂ ላይብረሪው የማን ስም እንደሆነ አይጠይቅም አለችኝ። እማሆይ የተዉትን ስም መልሼ ልጽፍባቸው አልደፈርኩምና የእርስዎን ጻፍኩ። አሁን ለተ ማርያም እንኳየሁ ተብለው፣ እንደ አዲስ ታካሚ ከሰልፉ መጨረሻ ተመዝግበዋል፤ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ በሚለውም ላይ የቢሮዎን ቁጥር ሞልቻለሁ፣ ላይብረሪዎም ተቀብሎታል። ተራው ከደረሳቸው እንኳን ደስ አለዎት። ሳይደርሳቸው ከቀረ ሆስፒታሉ መርዶውን የሚደውለው ለእርስዎ ነውና፣ እባክዎ ስልኩን ያንሱ።